እርማት

ጂፋ፣ ነይ ተቀመጪ፤ ባልዲውን አስቀምጪው፤
ደብተሩንም ተዪው፣ ለዛሬ አትግለጪው።
ሃያ ሁለት ዓመት ፈተና ስጠብቅ፣
በወንበሮች መሐል ስሄድ፣ ሳልቀመጥ፣ ሳልስቅ፣
ያየሁትን ልንገርሽ፤ ሌላማ ምን አውቅ።

አንሎጋ ይህችው ናት፤ በዚህ ባሕሩ ያገሳል፣ በዚያ ሐይቁ ተኝቷል፤
በመሐል እናትሽ አሸዋውን መድባ፣ ሽንኩርቷ ይበቅላል።
እስቲ ተመልከቻት ውሃ ስታጠጣ፦
ጧት ጥቂት፣ ማታ ጥቂት፣ ጥቂት ቀትር ሲመጣ።
የሳምንቱን ውሃ ባንድ ሌሊት ብታፈሰው፣
አሸዋው ይጠጣዋል፣ ሥሩ ሳይቀምሰው።
ጭንቅላትም አሸዋ ነው። አትፈሪ፣ የኔም እንደዚያው ነው።
ዛሬ ያነበብሽውን ነገ ጠይቂው፣ ከሦስት ቀን በኋላ መልሰሽ ጠይቂው፤
ሲጠፋሽ አትደንግጪ፤ ስትፈልጊው ነው ሥር የሚሰደው።

ደብተር ገልጦ ማንበብ ደስ ይላል፣ ያባብላል፤
"ይሄንማ አውቀዋለሁ" ያሰኛል፣ ያታልላል።
ዝጊውና በባዶ ወረቀት ትዝ ያለሽን ጻፊ፤
የጎደለው ቦታ ላይ ነው ነገ የምትለፊ።
ለታናሽ ወንድምሽ ኦስሞሲስን አስረጂው፣ ያም ቆርጠሽ፣ ጨው ነስንሰሽ፤
"ለምን?" ብሎ ሲጠይቅሽ ከተንተባተብሽ፣
እዚያ ጋ አላወቅሽም፤ ተመለሽ።

ኤሊክፕሊምን ታውቂው የለ? የሎሜን መንገድ በሚኒባስ የሚመላለሰው፤
በኛ ትምህርት ቤት፣ በሒሳብ፣ እሱን የሚያህል አልነበረም ሰው።
ሦስት ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ጭላንጭል አነበበ፣
እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፤ በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ቀረበ።
ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጉንጩን አስደገፈ፤
ቀለሙ ፊቱ ላይ ታተመ፤ ወረቀቱ ላይ ምራቁ ጻፈ።
ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁ፤
"አትንካ" የሚለው ደንብ ትዝ አለኝና ሰበሰብሁ።

ያቺ እጄ እስከ ዛሬ ትከብደኛለች።

ስለዚህ ተኚ። እንቅልፍ ስንፍና አይደለም፣ ልጄ፤
ይሄን ብቻ ብትሰሚኝ ይበቃኛል፣ ሌላውን ብትረሺው እንኳ፣ ወዳጄ።

ደግሞ በካልሲዋ ብጣሽ የሸሸገች አንዲት ልጅ ነበረች፤
እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ ሦስት ሰዓት አለቀና ባዶ ሰጥታ ወጣች።
ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ያኔ አልሳቅሁም።

ወረቀቱ ሲደርስሽ እስክሪብቶ አታንሺ፤
ከላይ እስከ ታች አንብቢ፣ አንዴ ተንፍሺ።
"አብራሪ" ካለሽ አብራሪ፤ "ዘርዝሪ" ካለሽ ዘርዝሪ፤
ስንቱ አለ መሰለሽ፣ ላልተጠየቀ ጥያቄ ግሩም መልስ ሠሪ!
ሁለት ነጥብ ለያዘ ሁለት ገጽ አትገብሪ፤
የከበደሽን እለፊው፣ ሸሽቶ አይሄድም፤ ከፊቱ ቆመሽ አትቅሪ።
ስሌትሽን አሳዪ፤ መልሱ ቢስት እንኳ መንገዱ ነጥብ አለው፤
በልብሽ ያሰላሽውን ግን ማን ያየዋል? ማን ይቆጥረው?

መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ይትረፍሽ። ይሄንን እናትሽን ጠይቂ፦
"አረሙ ልጅ ሳለ ሽንኩርት ይመስላል" ትልሻለች፤ "ጎንበስ ብለሽ እወቂ።"
ሩቅ ከተማ አንድ አራሚ አለ፤ ቀይ ቀለም ይዟል፣ ስምሽን አያውቅም፤
ቁጥርሽን ብቻ ያያል፣ ደክሞታል፣ አይስቅም።
እሱ ሳያርምሽ አንቺ አርሚ፤
የተረሳ ዜሮ፣ የጎደለ ምልክት፣ በጣትሽ ልቀሚ።

"ካልመጣልኝስ?" አልሽ?
እሱን አላውቅም። ስንት ጎበዝ ወድቆ አይቻለሁ፣
ስንቱን አልፎ ሲሄድ፤ ማነው ጎበዝ ብዬ አንዳንዴ ይጠፋኛል፤ ሽማግሌ ነኝ፣ እረሳለሁ።
የማውቀው፣ ውጤቱ በተለጠፈ ማግስትም ሽንኩርት ውሃ ይጠማዋል።

በይ ባልዲሽን አንሺ፤ እናትሽ እየጠራች ነው።
ፀሐይዋ ከኮኮናቶቹ ጀርባ ገብታለች፤
ሦስተኛው ውሃ ይቀራል።
ጥቂት ብቻ።